ፍጥነት ሲጨምር መስመር የማይይዝ ስፖርት መኪና፦ መንስኤውን ደረጃ በደረጃ ማግኘት

«መኪናው በዝግታ ሲሄድ ደህና ነው። አውራ ጎዳና ላይ 100 ሲያልፍ ግን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ መሪውን ደጋግሜ ካላስተካከልኩት መስመሩን ይለቃል። አላይመንት አሠራሁ፣ ለውጥ የለም።» ከስፖርት መኪና ባለቤቶች ሳያቋርጥ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚከብደው በቅደም ተከተሉ መዛባት ነው። አላይመንት (የጎማዎቹን ማዕዘን በማሽን ማስተካከል) የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የላላ ቴስቲኒ (ጎማውን የሚያዞረው የመሪ ዘንግ ኳስ መገጣጠሚያ) ወይም የተበላ ጎሚኒ (በክንዶቹ መገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ላስቲክ) ያለበት መኪና ማሽን ላይ ቆሞ ሲለካ ቁጥሩ ያምራል፤ መንገድ ላይ ኃይል ሲያርፍበት ግን የላላው ክፍል ይንቀሳቀስና የተስተካከለው ማዕዘን ይጠፋል። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በተጻፉበት ተራ ይሂዱባቸው። መጀመሪያ ያሉት ምንም ወጪ የላቸውም፤ ከግማሽ ሰዓት በላይም አይወስዱም።

ስፖርት መኪና ለዚህ ችግር ከሌላው ይበልጥ ስስ ነው። ጎማው ሰፊና ጎኑ አጭር፣ ሞላው ጠንካራ፣ መሪው ደግሞ ፈጣን ስለሆነ በሌላ መኪና ላይ የማይሰማ የ1 ሚሊ ሜትር ስህተት እዚህ ላይ እጅ ላይ ይመጣል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- እስከ 0.1 ባር የሚያነብ የጎማ ነፋስ መለኪያ ጌጅ
- የጎማ ጥርስ ጥልቀት መለኪያ
- ዝቅተኛ መኪና ሥር የሚገባ ክሪክ፣ የመኪናውን ክብደት የሚችሉ 4 የብረት መደገፊያዎች እና የጎማ ማገጃ ታኮ
- ቶርክ መፍቻ (ብሎን በተለካ ኃይል የሚያጠብቅ)
- ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የብረት መፈልቀቂያ
- የማይለጠጥ ቀጭን ሲባጎ እና በግማሽ ሚሊ ሜትር የተከፈለ የብረት ማስመሪያ
- የእጅ ባትሪ፣ ጠመኔ፣ ማስታወሻ
- የመኪናው ማንዋል (የነፋስ፣ የቶርክ እና የአላይመንት ቁጥሮች ያሉበት)
- መሪ የሚያንቀሳቅስና ፍሬን የሚረግጥ አንድ ረዳት

ከመጀመርዎ በፊት ማስጠንቀቂያ

በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ የሚይዘው መደገፊያው ነው። በሙከራ ጉዞ ጊዜ «ይስብ እንደሆነ ልይ» ብለው ሁለቱንም እጅ ከመሪው አያንሱ፤ ሁለቱም እጆችዎ መሪው ላይ ቀለል ብለው ይቆዩ። ረዳቱ መሪ ሲያዞር ጣትዎን ከመገጣጠሚያዎቹ መካከል አያስገቡ፤ ከውጭ ይዳስሱ። በምርመራው መሐል የላላ ቦል ጆይንት (ጎማውን የያዘው ክፍል ከክንዱ ጋር የሚገናኝበት ኳስ መገጣጠሚያ)፣ የላላ ቴስቲኒ ወይም የጎማ ጎን እብጠት ካገኙ ምርመራው እዚያ ላይ ያበቃል። ያ ክፍል ሳይቀየር መኪናው መንገድ አይወጣም።

1. ችግሩን በስሙ ይለዩት

ቀጥ ባለ፣ ደረቅና ነፋስ በሌለበት መንገድ፣ በተፈቀደው ፍጥነት ይንዱ። ረዳቱ ይጻፍ። «መስመር አይይዝም» የሚለው ቃል ቢያንስ አምስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል፤ መንስኤያቸውም አንድ አይደለም።

መኪናው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ ከሄደ እየሳበ ነው። የሚጠረጠሩት የጎማ ነፋስ፣ የጎማው አሠራር፣ የሚይዝ ፍሬን፣ ወይም የግራና ቀኝ የካምበር (ጎማው ከፊት ሲታይ ያለው ማዘንበል) እና የካስተር (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት መስመር ከጎን ሲታይ ያለው ማዘንበል) ልዩነት ናቸው።

የአስፋልቱን ቦይ ወይም የከባድ መኪና ጎማ ያጎደጎደውን መስመር ተከትሎ የሚሄድ ከሆነና አዲስ አስፋልት ላይ ሲደርስ ከተሻለው፣ ጎማው መንገዱን እያነበበ ነው። ሰፊ ጎማ ይህን በተወሰነ ደረጃ ማድረጉ ባሕርዩ ነው። ሲበዛ ግን የነፋስ ብዛት፣ ያረጀ ጎማ፣ ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀለበት) ወይም የፊት ቶ አውት (የጎማዎቹ ፊት ከላይ ሲታይ ወደ ውጭ መከፈቱ፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ቶ ኢን ነው) ይኖራል።

ጉብታ ወይም የድልድይ መጋጠሚያ ሲረግጥ ብቻ ከዘለለ፣ ሾክ አብዞርበሩን፣ የኋላ ጎሚኒዎችን እና መኪናው ዝቅ ከተደረገ የቴስቲኒውን ዘንግ ማዕዘን ያስቡ።

ነዳጅ ሲሰጡት ወደ አንድ ጎን፣ ሲለቁት ወደ ሌላው የሚሄድ ከሆነ የላላ ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ያለው ከኋላ ነው። ይህን ምልክት በጥንቃቄ ይመዝግቡት፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚረዳ ፍንጭ ነው።

መሪው መሐል ላይ «የሞተ» ከሆነ፣ ማለትም ትንሽ ሲያዞሩት ምንም ሳይፈጠር ቆይቶ ድንገት ከያዘ፣ ወደ መሪ ሬክ (የመሪውን ዙር ወደ ግራና ቀኝ ግፊት የሚለውጠው ክፍል)፣ ከመሪው ወደ ሬኩ በሚወርደው ዘንግ ላይ ወዳሉት መገጣጠሚያዎች እና ወደ ካስተር ያመራል።

2. የጎማ ነፋስ

መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ከቆመ በኋላ ይለኩ። የሞቀ ጎማ ከፍ ያለ ቁጥር ስለሚያሳይ በሙቅ ተለክቶ የተቀነሰ ነፋስ ሲቀዘቅዝ ያንሳል። የአየር ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲለወጥ ነፋሱ በ0.1 ባር ገደማ ይለወጣል።

ትክክለኛው ቁጥር በአሽከርካሪው በር መቃን ላይ ወይም በነዳጅ መክፈቻው ክዳን ላይ ካለው ጽሑፍ ይገኛል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፤ በዚያ ልክ የተሞላ ጎማ ጠንክሮ መሬቱን በመሐሉ ብቻ ይረግጣል፣ እያንዳንዱንም ጭረት ለመሪው ያስተላልፋል። የፊቱና የኋላው ቁጥር የተለያየ ሊሆን ይችላል። በብዙ የፖርሽ 911 ሞዴሎች ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያደላ የኋላው ነፋስ ከፊቱ ይበልጣል፤ አራቱንም እኩል መሙላት በራሱ ኋላውን ያዋልላል። በአንድ አክስል ላይ የግራና የቀኙ ልዩነት ከ0.1 ባር አይለፍ።

ነፋሱን አስተካክለው እንደገና ይንዱ። ችግሩ ከጠፋ ሥራው አለቀ።

3. ጎማውና ቸርኬው

በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለት ጎማዎች በምርት፣ በሞዴልና በመጠን አንድ መሆን አለባቸው፤ የጥርስ ጥልቀታቸውም ተቀራራቢ ይሁን። በጎማው ጎን ላይ ካለው ዶት ኮድ የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ ስለሚቆም ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ ማግኘት የተለመደ ነው። ዓይን ያታልላል፤ ኮዱን ያንብቡ።

ከዚያ መዳፍዎን በጥርሶቹ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎም ከውስጥ ወደ ውጭ ያንሸራትቱ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው ስለታም ከሆነ ጎማው በሰያፍ እየተጎተተ ነው፤ ይህ የቶ ስህተት ነው። የውስጠኛው ጠርዝ ብቻ ካለቀ የበዛ ኔጌቲቭ ካምበር (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ማዘንበሉ) ከቶ አውት ጋር ተደርቦ ሊሆን ይችላል። በጎማው ዙሪያ ከፍና ዝቅ ያለ መበላት ካለ ደግሞ ሾክ አብዞርበሩን ይጠርጥሩ። ጎማው የታሪክ መዝገብ ነው፤ የላይኛው ገጽ ምን እንደተፈጠረ ይናገራልና ማንበቡን አይዝለሉት።

መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነና ጎማዎቹ የአቅጣጫ ቀስት ከሌላቸው የፊቱን ግራና ቀኝ ያቀያይሩ። ስበቱ ጎኑን ከለወጠ ጥፋተኛው ጎማው ራሱ ነው፤ አላይመንት አያድነውም። የፊትና የኋላ ጎማ መጠን በሚለያይበት መኪና ላይ ግን ከፊት ወደ ኋላ አይቀየርም።

ስፔሰር የተጨመረበት ወይም ቸርኬው ወደ ውጭ የወጣ መኪና የጎማው መሐል ጎማው ሲታጠፍ ከሚዞርበት መስመር ስለሚርቅ፣ መንገዱ ጎማውን ሲገፋ መሪውን የሚያዞረው ኃይል ይጨምራል። ለሙከራ ስፔሰሩን ያውጡትና ይንዱ። ስፔሰሩን ሲያወጡ ረጅሙን ብሎን በመጀመሪያው አጭር ብሎን መተካትዎን እንዳይረሱ፤ ረጅሙ ከኋላ ያለውን ክፍል ሊነካ ይችላል። የቸርኬውን ብሎኖች በማንዋሉ ቶርክ፣ በኮከብ ተራ ያጥብቁ።

4. የመሪው ልልነት

መኪናው መሬት ላይ፣ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ ሞተሩ ተነሥቶ ይሁን። መሪውን በሁለት ጣት ግራና ቀኝ ያወዛውዙ፤ ረዳቱ የፊት ጎማውን ይመልከት። ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው በጠርዙ ላይ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ከሄደ ለስፖርት መኪና ብዙ ነው።

ልልነቱ የቱ ጋ እንዳለ ለማግኘት ረዳቱ መሪውን በፍጥነት ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅስ። እርስዎ ከመሪው በሚወርደው ዘንግ መገጣጠሚያ ጀምረው ወደ ሬኩ፣ ወደ ውስጠኛውና ወደ ውጪኛው ቴስቲኒ በተራ ይዳስሱ። የሚገባው እንቅስቃሴ ከሚወጣው ከበለጠ የተበላው እዚያ ነው። የውስጠኛው ቴስቲኒ በላስቲክ ሽፋን ውስጥ ስለተደበቀ ሽፋኑን ጨምቀው ይያዙት፤ ኳሱ ሲንኳኳ በእጅ ይሰማል። ሬኩ ራሱ ከሻንሲው ላይ የሚታሰርባቸውን ጎሚኒዎችም ይመልከቱ፤ እነሱ ሲላሉ ሬኩ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን ይሸራተታል፣ ቴስቲኒዎቹም ያለ ጥፋታቸው ይቀየራሉ።

ይህን ምርመራ መኪናውን አንሥተው አያድርጉት። ጎማው አየር ላይ ሲሆን ምንም ስለማይገፋው ልልነቱ ይሰወራል።

5. ኩሽኔታና ቦል ጆይንት

ፊቱን አንሥተው በመደገፊያ ያሳርፉ። ጎማውን በሰዓት 12 እና 6 አቅጣጫ ይዘው ይግፉና ይሳቡ። የሚጫወት ከሆነ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ፦ ጨዋታው ከጠፋ የተበላው ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ነው። ፍሬኑ ሃብን (ቸርኬው የሚታሰርበትን መሐል) እና የኩሽኔታውን ቤት ስለሚያያይዛቸው ነው ልዩነቱ የሚወጣው። በ3 እና 9 አቅጣጫ ብቻ የሚጫወት ከሆነ ወደ ቴስቲኒው ይመለሱ።

ሞላው በታችኛው ኮንትሮል አርም (ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዘው ክንድ) ላይ የሚያርፍ ከሆነ ክሪኩን ከኮንትሮል አርሙ ሥር፣ ወደ ጎማው ቀርቦ ያድርጉት። አለበለዚያ የሞላው ግፊት ቦል ጆይንቱን ወጥሮ ስለሚይዘው የተበላውም ጤነኛ ይመስላል።

6. ጎሚኒዎች፣ በተለይ የኋላዎቹ

ብዙ ሰው ፊቱን ብቻ ፈትሾ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። አሽከርካሪው የሚሰማው በመሪው በኩል ስለሆነ ችግሩም ከፊት ይመስለዋል። ነገር ግን ኋላው አንድ ሚሊ ሜትር ሲዞር መኪናው በሙሉ አቅጣጫ ይለውጣል፤ አሽከርካሪው ያንን ሲያርም ኋላው ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳልና እርማቱ ራሱ ስህተት ይሆናል። አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ የሚለው መዋለል በብዛት የሚወለደው በዚህ ነው።

መፈልቀቂያውን በጎሚኒው ቤትና በክንዱ መካከል አስገብተው በልኩ ይግፉ። ላስቲክ ትንሽ መተጣጠፉ ጤና ነው። ላስቲኩ ከብረቱ ከተላቀቀ፣ ስንጥቁ ዘልቆ ከታየ፣ ወይም ብረት ብረትን ሲመታ ከተሰማ ይቀየራል። በውስጣቸው ፈሳሽ ያላቸው ጎሚኒዎች ሲቀደዱ ጥቁር ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ። በኒሳን 350ዜድ የፊት ኮምፕረሽን ሮድ ጎሚኒ ይህ የታወቀ ድካም ነው። በቢኤምደብልዩ ኢ46 ደግሞ የፊት ኮንትሮል አርም የኋለኛው ጎሚኒ እና የኋላው ትሬይሊንግ አርም (የኋላ ጎማውን ከፊቱ ካለው ሻንሲ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒ መጀመሪያ የሚታዩ ናቸው።

ከኋላ አራት ቦታ ይፈትሹ፦ የቶ ማስተካከያውን ዘንግ በሁለቱም ጫፍ፣ ትሬይሊንግ አርሙን፣ የታችኛውን ክንድ፣ እና ሰብፍሬሙ (ክንዶቹ የሚታሰሩበት የብረት ፍሬም) ከሻንሲው የሚታሰርባቸውን ጎሚኒዎች። የቶ ማስተካከያው ኤክሰንትሪክ ብሎን (ሲዞር ክንዱን የሚያንቀሳቅስ ብሎን) ላይ ምልክት በጠመኔ ያድርጉ፤ ከጥቂት ቀን ንዳት በኋላ ምልክቱ ከዞረ ብሎኑ አልጠበቀም ማለት ነው።

አዲስ ጎሚኒ ሲገጠም የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በራሱ ክብደት በጎማው ላይ ቆሞ መሆን አለበት። ክንዱ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ የመኪናውን ቁመት ይቀይራል፣ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል።

7. ሾክ አብዞርበርና የመኪናው ቁመት

ጠንካራ ሞላ ያለውን መኪና ጥጉን ተጭኖ መልቀቅ ብዙ አይናገርም፤ ዘይት ማፍሰሱን እና የላይኛው መያዣ መላላቱን ይመልከቱ። የሚስተካከል ሾክ ከሆነ የግራና የቀኙን ክሊክ ይቁጠሩ፤ እኩል ይሁኑ።

ከሃብ መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም ጎማ ይለኩ። መኪናው ዝቅ ከተደረገ የቴስቲኒውን ዘንግ ከፊት ሆነው ከታችኛው ክንድ ጋር ያነጻጽሩት። የሁለቱ ማዕዘን በጣም ከተለያየ ጎማው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ዘንጉ ጎማውን ያዞረዋል፤ መሪው ሳይነካ መኪናው በየጉብታው ይዘላል። ይህን አላይመንት አያጠፋውም። ቁመቱን ወደ ፋብሪካው ማስጠጋት ወይም የዘንጉን ከፍታ የሚያርም ኪት መግጠም ነው መፍትሔው።

8. ቶን በሲባጎ መለካት

የላላ ነገር እንደሌለ ካረጋገጡ ብቻ ወደዚህ ይምጡ። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ታስሮ ይቁም። ከመደገፊያ ከወረደ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት፤ ሲወርድ ጎማዎቹ በሰያፍ ተወጥረው ስለሚቀሩ ካልተገፋ ልኬቱ ውሸት ነው።

በአራት መደገፊያ ሁለት ሲባጎ በመኪናው ግራና ቀኝ፣ በሃብ መሐል ቁመት ይወጥሩ። ከሲባጎው እስከ ፊት ሃብ መሐል ያለው ርቀት በግራና በቀኝ እኩል ይሁን፤ የኋላውም እንዲሁ። የፊትና የኋላው ርቀት ግን እርስ በርስ እኩል መሆን የለበትም፤ ብዙ ስፖርት መኪና ኋላው ከፊቱ ይሰፋል።

ከዚያ በእያንዳንዱ ቸርኬ ላይ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝ፣ ቀጥሎም እስከ የኋላ ጠርዝ ይለኩ። የፊቱ ከኋላው ከበለጠ ቶ ኢን፣ ካነሰ ቶ አውት ነው። ጠርዞቹ በ430 ሚሊ ሜትር ሲራራቁ የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት 0.13 ዲግሪ ገደማ ነው።

ከማንዋሉ ቁጥር ጋር ያነጻጽሩ። ለመንገድ የሚነዳ ስፖርት መኪና አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ከዜሮ እስከ ትንሽ ቶ ኢን፣ ኋላው ደግሞ ግልጽ የሆነ ቶ ኢን ይኖረዋል። ፊቱ ቶ አውት ከሆነ መኪናው ጥግ ሲገባ ፈጣን፣ ቀጥ ሲል ግን እረፍት የለሽ ይሆናል። ኋላው ቶ አውት ከሆነ ግን አደጋ ነው፤ ሳይስተካከል በፍጥነት አይነዳም። የኋላው ግራና ቀኝ ካልተካከሉ መኪናው በሰያፍ ይሄዳል፣ መሪውም ቀጥ ሲሉ ጠምዝዞ ይቆማል።

9. ሥሩንና ክንፉን ይመልከቱ

ችግሩ 110 ሳይደርስ ጨርሶ የማይታይ ከሆነና እስካሁን ምንም ካልተገኘ አየሩ ሊሆን ይችላል። ከሞተሩ ሥር የወደቀ የፕላስቲክ ሽፋን፣ የተላቀቀ የፊት ከንፈር፣ ወይም መነሣት ያቆመ የኋላ ስፖይለር ይፈልጉ። የፊቱ ሳይታሰብ ትልቅ የኋላ ክንፍ የተገጠመለት መኪና ኋላው ሲጫን ፊቱ ይቀልለዋል፤ በፍጥነት መሪው ባዶ ይሆናል።

10. አላይመንት

አሁን ወደ ማሽን ይውሰዱት። ነፋሱ ትክክል፣ ነዳጁም ማንዋሉ በሚለው መጠን ይሁን። ቅደም ተከተሉ የኋላ ካምበር፣ የኋላ ቶ፣ የፊት ካስተር፣ የፊት ካምበር፣ በመጨረሻ የፊት ቶ ነው፤ የፊቱ ቶ የሚሰላው ኋላው ከሚጠቁመው መስመር ስለሆነ ኋላው ሳይያዝ ፊቱን መንካት ድካም ብቻ ነው። ካምበር ሲነካም ቶ ስለሚለወጥ ቶ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው።

ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን የታተመ ውጤት ይጠይቁ። «አረንጓዴ ነው» የሚለውን አይቀበሉ፤ የግራና የቀኙን ልዩነት ያንብቡ። መኪናው ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን፣ እንዲሁም ካምበሩ ወደ ፖዘቲቭ ወዳደላበት ጎን ይስባል። የካስተሩ ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ በታች ይሁን። የኤሌክትሪክ መሪ ወይም የመረጋጋት መቆጣጠሪያ ያለው መኪና የመሪ ማዕዘን ሴንሰሩ እንደገና ዜሮ እንዲደረግ ያሳስቡ፤ ካልተደረገ የመሪው ኤሌክትሪክ ሞተር መሪውን በስህተት አቅጣጫ ሊገፋው ይችላል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- ሦስት አራት ነገር በአንድ ጊዜ መቀየር። ችግሩ ቢጠፋም የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ቢብስም እንዲሁ። አንድ ነገር ይለውጡ፣ ይንዱ፣ ይጻፉ።
- መዋለሉን ለማቆም የፊቱን ቶ ኢን ከልክ በላይ መጨመር። መሪው የተረጋጋ ይመስላል፣ የጎማው ውጪኛ ጠርዝ ግን በፍጥነት ያልቃል፣ እውነተኛው ልልነትም ተሸፍኖ ይቀራል።
- ቶ ሲስተካከል የቴስቲኒውን ዘንግ በአንድ ጎን ብቻ ማዞር። መሪው ጠምዝዞ ይቆማል። በሁለቱም ጎን እኩል ሩብ ዙር ያዙሩ፣ እንደገና ይለኩ፣ መቆለፊያ ዳዶውን ያጥብቁ።
- አንዱን ቴስቲኒ ወይም አንዱን ጎሚኒ ብቻ መቀየር። በአክስሉ ሁለቱም ጎን ይቀየራል፤ የአዲሱና የአሮጌው ጎሚኒ ጥንካሬ ልዩነት ራሱ ስበት ሊፈጥር ይችላል።
- አዲስ ጎማ በተገጠመ ማግስት መፍረድ። ሙሉ ጥርስ ያለው አዲስ ጎማ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ለስለስ ያለ ስሜት ይሰጣል።

ሥራው ሲያልቅ ደረጃ 1 ላይ በተጠቀሙበት መንገድና በዚያው ፍጥነት ይንዱ፤ የተጻፈውን ማስታወሻ ከአዲሱ ስሜት ጋር ያነጻጽሩ። ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ የቸርኬውን ብሎኖች በቶርክ መፍቻ እንደገና ይፈትሹ፤ የተነኩት የክንድና የቴስቲኒ ዳዶዎች ላይም በጠመኔ ያደረጉት ምልክት እንዳልዞረ ይመልከቱ።